ዘውድና እጅ ያለበት ሰንጢ

አንድ ሰው ከቤቱ ሲወጣ በኪሱ ምን ምን እንደሚይዝ ቢጠየቅ፥ ገንዘብ፥ መሐረብ፥ ቍልፍ፥ ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልክ ብሎ ይቈጥራል። ሰንጢ ብሎ የሚጨምር ግን ጥቂት ነው፤ ቢኖረውም ለመናገር ያፍራል። ሰንጢ በከተሞቻችን ቋንቋ ከኪስ አውላቂና ከመንገድ ጠበኛ ጋራ ስሙ ተያይዞ ቀርቷልና። እኛ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አንዲት ትንሽ ሰንጢ በኪሳችን ይዘን ኖረናል። እርሷን ባጣንበት ወራት በሩቅ አገር ሄደን ያየነውንና የሰማነውን፥ በቤታችንም የተነሣውን ክርክር፥ ልጆች ለሚያሳድጉ አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ሰንጢዋ የአባታችን ነበረች። አባታችን ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብርዓቸውን የሚቀርጹት ከመቃ ነበረ፤ ማለዳ ከጸሎት በኋላ ከደጅ ተቀምጠው የመቃውን ጫፍ አሹለው፥ ቀለሙ እንዲወርድበት መካከሉን በቀጭኑ ሰንጥቀው፥ የአፉንም ስፋት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ እየለኩ ያስተካክሉ ነበር። ፊደል ሲሳሳቱም ቀለሙ እስኪደርቅ ታግሠው በዚያችው ስለት ብራናውን በቀስታ ይፍቁና በስፍራው የቀናውን ይጽፋሉ። ለእኛ ለልጆቻቸው ብርቱካን የሚልጡልን፥ የተቋጠረ ገመድ የሚፈቱልን፥ ከእግራችን እሾህ የሚያወጡልን በርሷ ነበረ። ለሰው ሲሰጧት አጥፈው ነው፤ ተዘርግታ መስጠት ግድ ቢሆን እጀታዋን ወደ ተቀባዩ ያዞራሉ። ሥራው ሲያልቅም ሳያጥፏት ከእጃቸው አያኖሯትም ነበር። አባታችን ሲያርፉ መጻሕፍቱ ለወንድሞቻችን ደረሱ፤ እጀታዋ የቀንድ የነበረው ያች ሰንጢ ለእኛ ደረሰች።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የምትኖረውን ልጃችንን ልንጠይቅ ጕዞ ጀመርን። በ1994 ዓ.ም. በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት በአሜሪካ አገር ክፉ ሰዎች ስለት ይዘው አውሮፕላኖችን ከነተሳፋሪዎቻቸው ለጥፋት ካዋሉ ወዲህ፥ ሰንጢ ተሳፋሪ ወደሚቀመጥበት ክፍል እንዳይገባ በብዙ አገር ሲከለከል ኖሯል። ይህን እናውቅ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት በኪስ የተቀመጠ ነገር እንደ ገዛ ጣት ነውና አይታሰብም። ሻንጣችን አስቀድሞ ስለ ገባ መመለሻ አልተገኘም። ፈታሹ ወጣት በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ አንድ ሣጥን አመለከተን። ሰንጢዋ በሣጥኑ ውስጥ በሌሎች ብረቶች ላይ ስትወድቅ የሰማነው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የማንም አልነበረም።

ሊዮን ከደረስን በኋላ እጃችን በቀን ስንት ጊዜ ወደ ባዶው ኪስ እንደሚሄድ ታየን። ደብዳቤ ለመክፈት፥ የልብስ ክር ለመቍረጥ፥ ኰክ ለመላጥ፥ የልጅ እርሳስ ለመቅረጽ እንነሣና ባዶ እጃችንን እናወጣለን። ዐሥር ዓመት የሆነው የልጅ ልጃችን ይህን አይቶ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን። ታሪኩን ስንነግረውም፥ «አያቴ፥ ለእኔም አንድ ይግዙልኝ፤ እኔ አልረሳውም» አለ።

እናቱ በዚያው ቅጽበት ከማድ ቤት ብቅ አለች። «አባዬ፥ ይህን ነገር ለልጄ አይስጡብኝ» አለችን። ልጃችን ያለ ምክንያት የምትናገር ሴት አይደለችም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በሰፈራችን ሁለት ጐረምሶች በኳስ ጨዋታ ተጣልተው አንዱ ሌላውን በሰንጢ ሲወጋው ከበራችን ቆማ አይታለች። የተወጋው ልጅ በሕይወት ቢተርፍም ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዱ አልታዘዘለትም። «የአያቴ ሰንጢ ብርዕ ቀርጿል፤ እኔ ግን ያየሁት ሌላውን ነው» አለችን። እኛም ለዚህ መልስ አላገኘንም። ደግሞም በዚያ አገር ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ በመንገድ መሄድ የተከለከለ ነው። ነገሩ ሳይቈረጥ በዚሁ አደረ።

በማግሥቱ ግን ሐዘናችንን አይታ ኖሮ፥ «ሰንጢ የሚሠሩበትን አገር ሄደን እንይ፤ ማየት መግዛት አይደለም» አለችን። እንደዚህ ሆኖ ሦስታችንም በባቡር ወደ ሳቯ አውራጃ ጕዞ ጀመርን።

ሳቯ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ወሰን ላይ ያለ የተራራ አገር ነው። ከሻምቤሪ ከተማ በኋላ ባቡሩ አርክ የሚባለውን ወንዝ ተከትሎ ሞርየን ወደሚባለው ሸለቆ ይገባል። ሸለቆው ጠባብ፥ ተራራው በግራም በቀኝም የቆመ ነው፤ ከታች ፋብሪካና መንገድ፥ ከወገቡ ላይ ጥድ፥ ከላይ የከብት መሰማሪያ ይታያል። ሐዲዱ ወደ ላይ ቀጥሎ በ1871 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ረጅም ዋሻ አልፎ ኢጣሊያ ይገባል። እኛ የወረድነው ግን ከዚያ በፊት ባለችው በሳን ዣን ደ ሞርየን ነው፤ በአማርኛ የሞርየን ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከመጥምቁ ዮሐንስ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የቱር ጳጳስ ጎርጎርዮስ እንደ ጻፈው፥ ከዚሁ ከሞርየን የተነሣች አንዲት ሴት ከመጥምቁ ዐፅም ጥቂት ሳላገኝ አልመለስም ብላ ዓመታት በጸሎት ቈየች፤ በመጨረሻም አውራ ጣት ተሰጣት። የአገሩ ትውፊት ሴቲቱን ቴክላ ይላታል፤ ያመጣቻቸውም ሦስት ጣቶች ናቸው ይላል። ስለዚህ በከተማዋ ዓርማ ላይ የምትባርክ እጅ ተሥላለች። በስሙ የተሠራው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ፤ በውስጡ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከእንጨት የተቀረጹ የካህናት መቀመጫዎች ይገኛሉ። በየመቀመጫው ጀርባ ቅዱሳን ቆመዋል፤ የልብሳቸው እጥፋት ሳይቀር በስለት ተለይቷል። የልጅ ልጃችን የአንዱን ቅዱስ ጫማ በጣቱ ነክቶ፥ «ይህም በቢላዋ ነው?» ሲል እናቱ ዝም አለች።

ስንወጣ በደጀ ሰላሙ ዘንድ አንድ የመቃብር ሐውልት አየን። ጽሕፈቱን ልጃችን አነበበችልን፤ በዐሥራ አንደኛው መቶ ዓመት የኖረው፥ ነጭ እጅ ያለው የተባለው መስፍን ኡምቤርቶ፥ የሳቯ ንጉሣዊ ቤት አባት ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆምን። የሳቯ ቤት የትኛው እንደ ሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃል። ከዚሁ ቤት የወጡት መሳፍንት ኋላ የኢጣሊያ ነገሥታት ሆኑ፤ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሸነፈው ጦር የተላከው የዚህን መስፍን ስም በያዘው በንጉሥ ኡምቤርቶ ዘመን ነው። በ1928 ዓ.ም. በመርዝ ጢስ አገራችንን የወረረው ጦርም የልጁ የቪክቶሪዮ አማኑኤል ነበረ፤ ይህም ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። የአባታችን ታላቅ ወንድም በማይጨው ቀርተዋል። ሰንጢ ልናይ መጥተን የዚያን ቤት ሥር እናገኛለን ብለን አላሰብንም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት ራቅ ብሎ ስለ ሰንጢው የተዘጋጀ ቤተ መዘክር አለ። ታሪኩም እንዲህ ነው። ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ፥ አልብየ ለ ቪየ በሚባለው መንደር፥ ዳንኤል ኦፒኔል የሚባል አንጥረኛ መጥረቢያና ማጭድ የመሰለውን የገበሬ ስለት ሁሉ ይሠራ ነበር። ልጁ ዦዜፍ በ1890 እ.ኤ.አ. የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ ለራሱና ለወዳጆቹ የሚታጠፍ ትንሽ ሰንጢ ሠራ። እጀታው ፈረንሳዮች ኤትር ከሚሉት ጠንካራ ዛፍ የተላገ ነው፤ መካከሉ ተሰንጥቆ ስለቱ ሲታጠፍ በውስጡ ይተኛል። ስለቱና እጀታው በአንድ ምስማር ይያያዛሉ፤ ምስማሩም እንዳይናጋ በእጀታው አንገት ላይ የብረት መታጠቂያ ይዞርበታል። ጌጥ የለውም፤ ለእረኛውም ለባቡር ሠራተኛውም በዋጋ የማይከብድ ነበረ። በ1897 ከቍጥር 1 እስከ ቍጥር 12 በመጠን ለየው፤ ቍጥር 1 እና ቍጥር 11 ኋላ ቀርተዋል። ብዙ ሰው የሚይዘው ቍጥር 8 ነው፤ ስለቱ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሥራውም ሲሰፋ ወደ ሻምቤሪ አካባቢ ተዛወረ፤ ዛሬም ፋብሪካው በዚያው ይገኛል።

በዚህ ሰንጢ አንድ ጕድለት ነበረ፤ ይኸውም ሰው ሲቈርጥበት በድንገት እየታጠፈ ጣት ይነክስ ነበር። በ1955 የዦዜፍ ልጅ ማርሴል በአንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት ጨመረ። ሰንጢው ተዘርግቶ ቀለበቱ ሲዞር ስለቱ አይታጠፍም። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ቀለበቱ ተሻሽሎ፥ ሰንጢው ታጥፎ ሳለም እንዳይከፈት ይቈልፋል። የመጀመሪያው ጠባቂ የሚጠብቀው የባለቤቱን ጣት ነው፤ ሁለተኛው ግን ኪሱንና በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠብቃል። ልጃችን ከታየው ሁሉ ይህን ቀለበት ረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ሁለት ሦስት ጊዜም በእጇ አዞረችው።

የሰንጢውም ምልክት በስለቱ ላይ ተቀርጿል፤ ከላይ ዘውድ፥ ከታች እጅ። የፋብሪካው ሰዎች እንደሚናገሩት፥ በ1565 የፈረንሳይ ንጉሥ ቻርልስ ዘጠነኛ ቢላዋ ሠሪ ሁሉ የገዛ ምልክቱን በሥራው ላይ እንዲያትም አዝዞ ነበርና፥ ዦዜፍም ይህንኑ ልማድ ተከትሎ በ1909 ይህን ምልክት መረጠ። እጅዋ በከተማዋ ዓርማ ላይ ያለችው የመጥምቁ ዮሐንስ እጅ ናት፤ ሦስቱ ጣቶች ቀንተው ሁለቱ ታጥፈዋል፥ ካህን ሲባርክ እንደሚያደርገው። ዘውዱ ግን የሳቯ መሳፍንት ዘውድ ነው።

ይህን በሰማን ጊዜ በመስኮቱ ውስጥ ያየነውንና ልብችን የፈቀደውን ቍጥር 8 ሰንጢ ለመግዛት እጃችን አልነሣ አለ። የማይጨው ሟች ወንድም የነበሩትን የአባታችንን ሰንጢ በዚህ ዘውድ ልንተካ ነውን? ከዚያ ወጥተን ምንም ሳንገዛ ሄድን።

ከቀትር በኋላ የልጃችን የሥራ ባልደረባ አባት ወደሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ወጣን። ቤታቸው በተራራው ወገብ ላይ ነው። ወራቱ ፍልሰታ ስለ ነበረ አይቡን ይቅርታ ጠይቀን፥ ዳቦ፥ ቲማቲምና ኰክ በላን። ሽማግሌው ዳቦውን የቈረሱት በገዛ ሰንጢያቸው ነው፤ ያ ዘውድና እጅ ያለበት ነው፤ ነገር ግን ከመሳል ብዛት ስለቱ እንደ ወረቀት ቀጥኖ ምልክቱ ከጠፋ ቈይቷል። ሁሉም ከበላ በኋላ ስለቱን በዳቦ ቁራሽ ጠርገው፥ ቁራሹን በልተው፥ ሰንጢውን አጠፉት፤ ቀለበቱንም አዞሩ። በዚያን ጊዜ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ከማዕድ ተነሡ። በቀድሞ ዘመን በፈረንሳይ ገጠር የቤቱ ጌታ ሰንጢውን ሲያጥፍ ማዕድ አበቃ ማለት እንደ ነበረ ልጃችን አስረዳችን።

የልጅ ልጃችን ግን ልጅ ነውና ሽማግሌውን በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ እናቱ ደነገጠች። «ሰው ወግተውበት ያውቃሉ ወይ?» ማለቱ ነበር። ሽማግሌው አልተቈጡም። የግራ እጃቸውን ጣት ዘርግተው ነጭ ጠባሳ አሳዩትና፥ «አዎን፥ ይህን፤ እኔም እንዳንተ ትንሽ ሳለሁ» አሉት።

ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ስለ ዘውዱና ስለ እጅዋ ስናስብ መጣን። መጥምቁ ዮሐንስ ራሱ በስለት የሞተ ቅዱስ ነው። ስለቱ የወጣው ከዘውድ ትእዛዝ፥ ከማዕድ ላይ፥ በመሓላ ተይዞ ካፈረ ንጉሥ አፍ ነው። ዛሬ ደግሞ የዚያው ቅዱስ እጅ በሰንጢ ላይ ሆና ትባርካለች፤ ዘውድም ከላይዋ አለ። ሁለቱም በአንድ ስለት ላይ ናቸው። ልጃችን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከበራችን ያየችውና እኛ በአባታችን እጅ ያየነው ሰንጢ አንድ ዐይነት ብረት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የያዘው እጅ ነው፥ ያንንም እጅ ማን እንዳስተማረው ነው። በአገራችን ብረት ሠሪውን «ባለ እጅ» ብለን ስንሰድብ ኖረናል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስም እርሱ በሠራው ቢላዋ እየበላን እንንቀው ነበር። ስለቱን ለክፉ ሰው ትተን ስሙንም እርሱ እንዲያወጣለት ማድረጋችን ከዚህ የሚለይ አይመስለንም።

ይህን ለልጃችን ነገርናት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ፥ «አባዬ፥ ፍርሃቴ አልወጣም፤ ነገር ግን ከመንገድ ከሚማረው ከእርስዎ ቢማር ይሻላል» አለችን። ቀጥላም ደንብ አወጣች፤ ሰንጢው ከቤት ያለ ትልቅ ሰው አይወጣም፥ ወደ ትምህርት ቤት ፈጽሞ አይሄድም፥ በቍጣ ጊዜ አይነካም፥ ሥራው ሲያልቅ ታጥፎ ቀለበቱ ሳይዞር ከእጅ አይወርድም። የመጨረሻው የአባታችን ደንብ እንደ ሆነ አላወቀችም ነበር።

ለሕፃናት ተብሎ ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ የተሠራ ሰንጢ ስላለ ከሊዮን ከተማ ያንን ገዛን፤ ለራሳችንም ቍጥር 8ን ወሰድን። ዘውዱን አልፋቅነውም። የሳቯ ቤት በኢጣሊያ ዙፋን የነበረው ዘመን በ1946 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ዘውዱ ዛሬ የቀረው በገበሬ ኪስ ነው። ይህም ለእኛ ይበቃናል።

ስጦታውን ለልጁ የሰጠነው በቅዱስ ዮሐንስ፥ በዐዲስ ዓመት መባቻ ነው። በዚያ አገር ሰንጢ የተሰጠው ሰው ወዳጅነት እንዳይቈረጥ ለሰጪው አንዲት ሳንቲም የመመለስ ልማድ አለ። የልጅ ልጃችንም ይህን ከትምህርት ቤት ሰምቶ ኖሮ አምስት ሳንቲም በእጃችን አኖረ። ከወንዝ ዳር ያመጣነውን ሸምበቆ ይዘን ከሰገነቱ ላይ ተቀመጥን፤ ብርዕ መቅረጽን፥ ስለቱን ከራስ ወደ ውጭ ማስኬድን፥ አውራ ጣትን ከስለቱ መንገድ ማራቅን አሳየነው። ሦስተኛውን ሸምበቆ ሲቀርጽ ግን ስለቱ አዳልጦት ጣቱን ቈረጠው፤ ደሙ በነጩ ሸሚዙ ላይ ጠብ አለ።

ልጁ አላለቀሰም፤ የእናቱን ፊት አየ። እኛም አየን። እርሷ ውሃና ጨርቅ አምጥታ ጣቱን አጥባ አሰረችለት፤ ከዚያም ሰንጢውን ከመሬት አንሥታ ደሙን ጠረገች፥ አጠፈችው፥ ቀለበቱን አዞረች፥ በአጠገቡም አኖረችው። «የቀረውን ጨርስ» ብላው ወደ ማድ ቤት ገባች። ማታ በዚያ ብርዕ የተጻፈ አንድ ፊደል በወረቀት ላይ ነበረ፤ ሀ። እግሩ የተንጋደደ፥ ቀለሙ የበዛ ነው። ልጃችን ወረቀቱን በአባታችን ፎቶግራፍ ሥር አኑራዋለች።